በአትክልቱ ውስጥ የቆሙት

እርጥብ ነሐስ ከሎሚና ከአመድ ጋር ሲታሽ የሚሰጠውን ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጎምዛዛ ነው፤ አፍ ሳይገባ ጥርስ ያጠርሳል። ባለፈው ሰሞን እዚሁ ወልድያ፣ ንግሥ ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በደብራችን ግቢ ከዋርካው ጥላ ሥር ተሰብስበን ነበር። ዲያቆናቱ ጸናጽሉን ይፈትጋሉ፤ እኛ የማኅበሩ ሴቶች አመድ እንነፋለን፣ ሎሚ እንቆርጣለን። አንዱ ዲያቆን የፈተገውን ጸናጽል ወደ ፀሐይ አነሣና «እማማ ጥሩወርቅ፣ ይዩልኝ እስቲ፣ ወርቅ አልመሰለም?» ብሎ ወደ ፊቴ ሲያስጠጋው ቢላዋው ከእጄ አምልጦ ወደቀ። «ምነው እማማ፣ ቆረጠዎት?» አለ ደንግጦ። «ኧረ ምንም አልሆንኩ፣ ልጄ» አልኩት። ሽታ እንዲህ ነው፤ ዕድሜ አይቆጥርም፣ መንግሥት መለወጡን አልሰማም። ከአጥሩ ውጭ ባጃጁ ሁሉ ጡሩምባውን እያንጫረረ ነው፤ እኔ ግን መርሳ ነበርኩ፣ በቆርቆሮ ክዳኗ ቤታችን፣ ነሐሱን ጭኔ ላይ አስቀምጬ፣ ባሌ ከኋላዬ ቆሞ።

የዚያን ጊዜዋ መርሳ አንድ ረዥም መንገድ ነበረች ማለት ይቀላል። ከደሴ የሚመጣውም ከወልድያ የሚወርደውም መኪና እሷ ዘንድ ይቆማል፤ ሞተሩም ሰዉም ውኃ ይጠጣል። ሴቶቹ ብርቱካንና ሎሚ በእንቅብ ይዘው መስኮቱን ይከቡታል። በስሙኒ የሚሰጥሽን ብርቱካን በሻሽሽ ቋጥረሽ ለመውሰድ ትቸገሪ ነበር፤ ፓፓያውንማ ማን ይገዛዋል፣ ከየጓሮው ወድቆ ወፍ ነበር የሚበላው። ዛሬ የልጅ ልጄ አንድ ፓፓያ በስንት እንደገዛች ስትነግረኝ የምትቀልድ ይመስለኛል። ከድልድዩ ወዲህ ባለችው ሻይ ቤት ሬዲዮኑ መደርደሪያ ላይ፣ ጥልፍ ጨርቅ ለብሶ፣ እንደ ሙሽራ ተቀምጧል። ከሰዓት በኋላ አምባሰል የተለቀቀ እንደሆነ ሾፌሩ ሳይቀር ጉዞውን ረስቶ ግንባሩን መዳፉ ላይ ያስደግፋል። ወንዶቹ ጠርዙ መንገድ የሚጠርግ ቦላሌ ሱሪ ይለብሳሉ፣ ጎፈሬያቸውን ያበጥራሉ። እኛ ቴትሮን ቀሚስ፣ ከላይ ሹራብ፣ በራሳችን ላይ ናይለን ሻሽ። የኔ ሻሽ ውኃ ሰማያዊ ነበር፤ ኪዳነ ነው ከወልድያ የገዛልኝ። ኋላ ቦላሌውም ጎፈሬውም ጠፋና ካኪ መጣ። ሰው ሁሉ ባንድ ጊዜ አንድ ቀለም ሲሆን ያስፈራል። ከሩቅ የሚመጣው ጎረቤትሽ ይሁን ሊወስድሽ የሚመጣ ይሁን አትለዪም።

ኪዳነ ያልኩት ባሌን ነው። አባቱ ከትግራይ መጥተው ቆቦ ላይ ጨውና አቡጀዲ ይነግዱ ነበር፤ እሱ ግን ከንግዱ ይልቅ ትምህርቱ አደላበት። አዲስ አበባ ከተማረ በኋላ ጣሊያን አገር ተልኮ ለጥቂት ዓመታት የጥንት ቋንቋ አጠና። ሲመለስ ዩኒቨርሲቲ አስተምራለሁ ብሎ ነበር፤ የተመደበው መርሳ ሆነ፣ ታሪክና እንግሊዝኛ እንዲያስተምር። ብዙም አልከፋው። እኔ ከጉባ ላፍቶ ደጋ የወረድኩ የገበሬ ልጅ ነኝ፤ ወልድያ አክስቴ ዘንድ ሆኜ ጥቂት ተማርኩና በስፌት መኪና እንጀራዬን እበላ ነበር። አንድ ቀን የሸሚዙን ኮሌታ ላስገልብጥ ብሎ መጣ። ገለበጥኩለት። ሳይቆይ ያንኑ ኮሌታ መልሼ እንድገለብጠው ይዞት መጣ። የመጣበት ጉዳይ ኮሌታ እንዳልሆነ አክስቴ ከእኔ ቀድማ ገባት።

ከጣሊያን ይዞት የመጣው ሀብት አንድ ሻንጣ ልብስና አንድ ነሐስ ነው። ነሐሱ የደብተር ገጽ ያህላል፤ ከላይ እጀታና ሰንሰለት አለው፤ ፊቱም ጀርባውም በማላውቀው ፊደል ተቀርጿል። ዋናው አይደለም፣ ቅጂ ነው። ዋናውን የቀረጹት በጥንት ዘመን በጣሊያን ተራሮች ይኖሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ቋንቋቸውን ኦስካን ይሉታል። ሮማውያን ገዟቸው፤ ልጆቻቸው ላቲን እየተናገሩ አደጉ፤ የልጅ ልጆቻቸው የአያቶቻቸውን አፍ ረሱት። ዛሬ በዓለም ላይ የሚናገረው አንድ ሰው የለም። መጽሐፍም አልተረፈለትም። የቀረው በነሐስና በድንጋይ የተቀረጸው፣ አንዳንድ ግድግዳ ላይ የተጫረው ብቻ ነው። «ገበሬ ከመሬት ያወጣው ያ ነሐስ ባይኖር እኮ፣ ጥሩዬ» ይለኝ ነበር ኪዳነ፣ «እነዚያ ሰዎች እህላቸው እንዲያፈራ ማንን እንደሚለምኑ ማን ያውቅ ነበር?» ቅጂውን የሰጠው በዚያ አገር ደወል የሚያቀልጥ አንድ ሽማግሌ ነው። ኪዳነ ስለ ግዕዝ ሲያጫውተው ሰምቶ፣ «የእናንተው የሞተ ቋንቋ ጠዋት ጠዋት ይነሣል፤ የእኛው ግን ይኸው ነው» አለና አሸከመው።

ለገናና ለፋሲካ ቤት ሲጸዳ ነሐሱን ከግድግዳ አወርድና በሎሚና በአመድ እፈትገዋለሁ። ኪዳነ ከኋላዬ ይቆምና ጣቱን ከቀኝ ወደ ግራ እየነዳ ያነብልኛል፤ ጽሑፉ እንደ ዓረብኛ ከቀኝ ነው የሚነሣው። «ስታቶስ ፖስ ሴት ሆርቲን ኬሪን።» እኔም እደግመዋለሁ። ይስቃል፣ ያርመኛል፣ እንደገና እደግመዋለሁ። በአገሬ ልጆች ዳዊት የሚቀጽሉት እንዲሁ ነው፤ መጀመሪያ ጆሮ ይማራል፣ ትርጉሙ ሲደርስ ይደርሳል። ትርጉሙን ነግሮኛል። «በኬሬስ አትክልት ውስጥ የቆሙት እነዚህ ናቸው» ማለት ነው፤ ኬሬስ የእህል አምላካቸው ነች። ከዚያ በታች የአማልክቱ ስም ይከተላል፤ እያንዳንዳቸው የት እንደሚቆሙ።

ፍርሃቱ መቼ እንደገባ መናገር ይቸግረኛል። እንደ ጉም ነው፤ ሲመጣ አታዪውም፣ ብቻ ቀና ስትይ ተራራው የለም። መጀመሪያ ሰው ጮክ ብሎ መሳቁን ተወ። ቀጥሎ ሻይ ቤቷ ሬዲዮኑን ከዜና በቀር አትከፍትም። ከዚያ መጽሐፍ ማቃጠል መጣ። በየጓሮው የሚወጣው ጢስ የእንጨት ጢስ እንዳልሆነ አፍንጫችን ያውቃል፤ አንዳችንም አንዳችንን አንጠይቅም። ከኪዳነ ጋር የሚያስተምር አንድ መምህር ከክፍል ተጠርቶ ወጣ፤ የጀመረው ዓረፍተ ነገር ሰሌዳው ላይ ሳይጨረስ ቀረ፤ ተማሪዎቹ የሚያጠፋው ሰው አጥተው ብዙ ቀን እንዳዩት ሰነበቱ። ከመንገዱ ዳር መኪና ሲቆም ሁላችንም በየቤታችን እንቆማለን። ሞተሩ ተነሥቶ ሲሄድ ነው እንደገና የምንቀመጠው።

ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ሉባባ ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ብርቱካን እያስጫኑ ወደ ወልድያ የሚልኩ ብርቱ ሴት። አንድ ቀን በአጥሩ በኩል ጠሩኝና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ጥሩዬ፣ ያንን ሰንሰለት ያለውን ነገር ከግድግዳ አውርጅው። ወላሂ፣ በማያውቁት ፊደል የተጻፈ ነገር ዘንድሮ ለክፉ ነው። ስጭኝና ከብርቱካኑ ሥር አድርጌ ወስጄ ገደል ልልቀቀው» አሉኝ።

ለኪዳነ ነገርኩት። «እትዬ ሉባባ ያሉት አይከፋም» አልኩት።

«ግድግዳ ላይ ሲሰቀል ጌጥ ነው» አለኝ። «ተደብቆ የተገኘ ዕለት ነው ወንጀል የሚሆነው።»

«እነሱ ምን ብለው እንደሚያዩት ምን ታውቃለህ?»

«ከጠየቁኝ እነግራቸዋለኋ! የምደብቀው ምን አለኝ?»

እውነቱን ለመናገር አባባሉ ልክ መሰለኝ። ልክ መሆን የሚያድን ዘመን አልነበረም እንጂ።

የመጡት በጠራራ ፀሐይ ነው። ሴት ልጃችንን፣ ገና ድክ ድክ የምትለዋን፣ ደጃፍ ላይ በሳፋ አጥባታለሁ። የቀበሌው ሊቀ መንበር አቶ እሸቱ ከፊት፣ ጠመንጃ ያነገቱ አብዮት ጠባቂዎች ከኋላ፣ በመካከላቸው ከወልድያ የተላከ አንድ ወጣት ካድሬ። አቶ እሸቱን አውቃቸዋለሁ፤ የሚስታቸውን የበዓል ቀሚስ የሰፋሁት እኔ ነኝ። ያን ዕለት ዓይኔን አላዩኝም። ፍራሹን ቀደዱት፣ የማሽላውን ጆንያ ዘረገፉት፣ የስፌት መኪናዬን መሳቢያ ገለበጡት፤ የሸሚዝ ቁልፎቼ ወለሉን ሞልተው ተንከባለሉ። ካድሬው ግን አልነካም። ገና ሲገባ ያየው ነሐሱን ነው። ሌላው ሁሉ እስኪያልቅ እጁን አጣምሮ ቆየና ከግድግዳው አወረደው።

«ይኼ ምንድን ነው?» አለ።

«የጥንት ጽሑፍ ቅጂ ነው» አለ ኪዳነ።

«በምን ቋንቋ?»

«ኦስካን ይባላል። ዛሬ የሚናገረው የለም።»

«የሚናገረው ከሌለ አንተ ከየት አወቅኸው?»

ኪዳነ መምህር ነው፤ ጥያቄ ሲጠየቅ ፊቱ ይበራል። ያን ጊዜም በራ። «ከእንደዚህ ያለው ነሐስ ነዋ! ከላቲን ጋር እያስተያዩ...»

«አንብበው።»

አነበበው። ድምፁ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። «ስታቶስ ፖስ ሴት ሆርቲን ኬሪን።»

«ሴት አልክ። የትኛዋ ሴት ናት?»

«አይ፣ ሴት ማለት በእነሱ ቋንቋ ‹ናቸው› ማለት ነው። በአትክልቱ ውስጥ የቆሙት እነዚህ ናቸው፣ ነው የሚለው።»

አቶ እሸቱ ምራቃቸውን ሲውጡ ሰማሁ።

«የትኛው አትክልት ነው?» አለ ካድሬው፣ አሁን በለሰለሰ ድምፅ። «የግራናው ነው? ወይስ እዚሁ ወንዙ ዳር ያለው?»

«ጣሊያን አገር ነው እንጂ፤ ከብዙ ዘመን በፊት...»

«የቆሙት እነማን ናቸው?»

«ከሥሩ ስማቸው አለ» አለ ኪዳነ።

ቃሉን ከአየር ላይ ቀልቤ ብውጠው ምንኛ በወደድኩ! በዚያው ሰሞን ከግራና ወዲህ አንድ የብርቱካን እርሻ ውስጥ የተሰበሰቡ ወጣቶች ተይዘው ነበር፤ ያመለጡም እንዳሉ ይወራል። ካድሬው የሚያድነው የእነዚያን ስም ነው። ባሌ እውነቱን እየተናገረ፣ በገዛ አፉ፣ በአትክልት ውስጥ የቆሙ ሰዎች ስም ቤቴ አለ ብሎ ነገረው። «የአማልክት ስም ነው እኮ!» ይላል አሁንም፤ የሚሰማው የለም። እጁን የኋሊት አሰሩት። ካድሬው ነሐሱን በብብቱ ያዘ። ልጄ ሳሙና ዓይኗ ገብቶ ታለቅሳለች። ኪዳነ ከደጃፍ ዞር ብሎ ያለኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ልጅቷን በርዷታል፣ አልብሻት።»

በማግስቱ እትዬ ሉባባ ልጄን ከጀርባዬ ላይ አወረዱና የራሳቸው ጀርባ ላይ አዘሉ። «ሂጅ፣ እኔ አለሁላት። አላህ መንገዱን ያቅናልሽ» ብለው ብርቱካን በጫነ መኪና ላይ አሳፈሩኝ። ያች መንገድ ዛሬ ምን አላት? ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈኑ እየጮኸ፣ ልጆቹ ስልካቸውን እያዩ፣ ወሬሽ ሳያልቅ ወልድያ ነሽ። ዛሬ የምርምር ማዕከሉ ያለበት ሲሪንቃ ላይ ሳልፍ እኔ ብቻ ነኝ አንገቴን የምደፋው፤ ያን ጊዜ እዚያ አካባቢ ገመድ በመንገዱ ላይ ተዘርግቶ፣ ወርደን ተሰልፈን፣ አንድ በአንድ «ወዴት ነሽ? ማን አለሽ?» እንባላለን። የታሰረ ሰው አለኝ ማለት ራሱ ያስይዛል። «አክስቴ ታማብኝ ነው» እላለሁ። አክስቴ «በዚያ ዓመት እንደኔ የታመመ ሰው የለም» እያለች ኋላ ትቀልድብኝ ነበር።

እስረኞቹ ያሉበት ቀድሞ የነጋዴ መጋዘን የነበረ፣ ከላይ በኩል ጠባብ መስኮት ያለው ቤት ነው። ዛሬ ፎቅ ቆሞበታል፤ ምድር ቤቱ የሞባይል መሸጫ ነው፣ አንድ ቀን ካርድ ልገዛ ገብቼ ሳልገዛ ወጣሁ። ስንቅ የምናመላልስ ሴቶች ከደጁ በአጥር ሥር ተደርድረን እንቀመጣለን። ከቆቦ የመጣች አለች፣ ከውርጌሳ የመጣች አለች። እንጀራና ሽሮውን ዘበኛው ይወስዳል፤ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ እንሳለመዋለን፤ በላ ማለት ነው፣ አለ ማለት ነው። ዕቃሽ ሙሉውን ከተመለሰ ማንም ምንም አይልሽም። አጠገብሽ ያለችው ብቻ ትንሽ ፈቀቅ ትላለች። ማልቀስ ክልክል ነበር። ያችን ሴት አይተናታል፤ ዕቃዋን ታቅፋ፣ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ፣ ቁልቁለቱን ስትወርድ።

እንዲህ ስመላለስ ሰንብቼ አንድ ጠዋት ዘበኛው «የመምህር ኪዳነ ሚስት!» ብሎ ጠራ። ከግቢው ዳር ወዳለች አንዲት ክፍል አስገቡኝ። ጠረጴዛ ኋላ አንድ መቶ አለቃ ተቀምጧል፤ ያ ካድሬ መስኮቱን ተደግፎ ቆሟል። ነሐሱ ጠረጴዛው ላይ ነው። ሻይ ያለበት ብርጭቆ ተቀምጦበታል። «ጌታዬ» ልል አፌ ላይ ደርሶ፣ ቃሉ ወንጀል መሆኑ ትዝ አለኝና «ጓድ» አልኩ።

«ባልሽ ይህን ሲያነብ ሰምተሽ ታውቂያለሽ?» አለ መቶ አለቃው።

ከጎን ካለው ክፍል ሰው ያቃስታል። ኪዳነ ይሁን ሌላ አላውቅም። አልሰማሁም ብል ባሌ ብቻውን ይቀራል፤ ከራሱ የፈጠረው የምስጢር ቋንቋ ነው ያሉት ይጸናል። ሰምቻለሁ ካልኩ ደግሞ የምስጢሩ ተካፋይ ነኝ፤ ከዚህ ክፍል ወደ ቤቴ ላልመለስ ነው። የልጄ ክብደት ጀርባዬ ላይ መጣብኝ። እመብርሃን ታውቃለች፣ ጀግና ሆኜ አይደለም፤ ዝምታው ስለከበደኝ ነው የተናገርኩት።

«ሰምቻለሁ፣ ጓድ።»

«ምን ይላል? በይው።»

ዓይኔን ጨፈንኩ። ሎሚውና አመዱ፣ ከኋላዬ የሚመጣው የኪዳነ ድምፅ መጣልኝ። «ስታቶስ ፖስ ሴት ሆርቲን ኬሪን» አልኩ። መቶ አለቃው ከፊቱ ያለውን ወረቀት ሳበ፤ ኪዳነ በምርመራ የተናገረው የተጻፈበት ነው። «ቀጥይ» አለኝ። «ቬዝኬይ ስታቲፍ። ኤቭክሎይ ስታቲፍ። ኬሪ ስታቲፍ።» በጣቱ እየተከተለ፣ የማውቀው እስኪያልቅ አስባለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ትርጉሙስ?» አለ።

«የአትክልት ቦታ ነው። የእህል እናት የምትባል አለች፣ የእሷ ነው አትክልቱ።»

«የእህል እናት ማናት?»

ኪዳነ የነገረኝ ሁሉ ከራሴ ጠፋ። የቀረኝ የራሴ አገር ብቻ ነበር። «ጓድ፣ እኔ የገበሬ ልጅ ነኝ» አልኩት። «ለእኔ የገባኝ እንደ አድባር ነው። ዘር ሊዘራ ሲል ሾላው ሥር ቅቤ ይቀባ የለ? እሸት ሲደርስ ይቀመጥ የለ? እነዚያም እንደዚያው ናቸው። የዝናቡን አድባር፣ የምንጩን አድባር፣ የእህሉን አድባር ስማቸውን ጠርተው፣ አንተ እዚህ ቁም፣ አንቺ እዚያ ቁሚ ብለው በነሐስ ጻፉት። ሰው አይደሉም፣ ጓድ። እንኳን መርሳ፣ በአገራቸውም የሉም።»

«ትቀልዳለች!» አለ ካድሬው ከመስኮቱ ተነሥቶ።

መቶ አለቃው በእጁ ምልክት ዝም አሰኘው። «አድባር?» አለ። ነሐሱን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ሳቀ። በዚያ ግቢ የሰማሁት የመጀመሪያው ሳቅ ነው፤ ከማቃሰቱ ይልቅ አስበረገገኝ። «እናቴ ዛፉን ስትቀባ ቅቤውን የምታሲዘው እኔን ነበር...» አለና ድንገት ሳቁ እንደ ክር ተበጠሰ። ካድሬውን ገልመጥ አድርጎ አየው። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር አውቀዋለሁ፤ በየማለዳው በመስተዋት የማየው የራሴ ፊት ነው። ለካስ እሱም ይፈራል! ብርጭቆውን ከነሐሱ ላይ አነሣ። «የኋላ ቀር እምነት ጽሑፍ ነው ብለህ መዝግብ» አለው ካድሬውን፣ በወፈረ ድምፅ። እኔን «ውጭ!» አለኝ።

ተፈታ አላሉኝ፣ አልተፈታ አላሉኝ። በማግስቱ ስንቄን ይዤ ሄድኩ። ዘበኛው ወሰደው። ፀሐይዋ አናት ላይ ስትደርስ የሌሎቹ ዕቃ ባዶውን መጣ። የኔ መጣ፤ ክብደቱን ገና ስቀበለው እጄ አወቀው። ክዳኑ አልተነካም። ከአጠገቤ ያለችው የቆቦዋ ሴት ፈቀቅ ልትል ጀመረችና ተመልሳ ተጠጋችኝ፤ ነጠላዬን ከትከሻዬ አውርዳ ጥለቱን ወደ ላይ አዘቅዝቃ ለኀዘን አለበሰችኝ። አላለቀስኩም። ከዚያ ቀን ከሁሉ የማስታውሰው፣ ሽሮው ከዕቃው ሾልኮ ቀሚሴን ሲያረጥበው የተሰማኝ ነው። የገደልኩት እኔ ነኝ እያልኩ አክስቴ ቤት ዋልኩ፤ አድባር ባልል፣ ባልናገር... በማግስቱ ግን እግሬ ወደዚያው ወሰደኝ። ዘበኛው አየኝና ነጠላዬን በዓይኑ ጠቆመ፤ ወደ መሬት እያየ፣ «አስተካክለሽ ልበሽ» አለኝ። «እግሩ መግል ይዞ ጤና ጣቢያ ወስደውት ነው።» ያንን ዘበኛ ስሙን ሳላውቅ እስከ ዛሬ በጸሎቴ አነሣዋለሁ።

የለቀቁት በሌላ ቀን፣ ያለ አንድ ቃል ነው። ወፌ ላላ የሚሉት ግርፋት የውስጥ እግሩን ስለበላው መርገጥ አይችልም፤ እኔና የመኪናው ረዳት ደግፈን መኪናው በጫነው የማሽላ ጆንያ ላይ አወጣነው። ጋቢ አለበስኩት። ሲሪንቃን እስክናልፍ አልተናገረም። ከዚያ ከንፈሩን ወደ ጆሮዬ አስጠግቶ፣ «ምን አልሻቸው?» አለኝ በሹክሹክታ።

«አድባር ነው አልኳቸው።»

«ኬሬስ እኮ» አለ፣ «በትክክል አድባር አይደለችም። አድባር አንድ ቦታ ነው የምትጠብቀው...» ጨረሰውም አልጨረሰውም፤ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበና ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልጠየቅኩትም። እኔ ሁለቱንም አደረግሁ።

ነሐሱን ወደ ደሴ ላክነው አሉን። ከዚያ በኋላ ቀልጧል ያለ አለ፣ አንድ ባለሥልጣን ቤት አየሁት ያለም አለ። ጠይቀን አናውቅም። ዋናው ባሕር ማዶ ሙዚየም ውስጥ ስላለ የእነዚያ ሰዎች ቃል አልጠፋም፤ የጠፋው የባሌ ድምፅ ነው። ያችን ቀን በጆንያው ላይ የተናገረበት ሹክሹክታ አብሮት ቀረ። ሐኪሙ ጉሮሮው ደህና ነው አለ። ወደ ትምህርት ቤቱ ሲመለስ ቋንቋና ታሪክ ይቅርብኝ ብሎ ሒሳብ ጠየቀ። «ሰባት ማን ነው? ብሎ የሚጠይቅ የለም» አለኝ። ተማሪዎቹ እሱን ለመስማት ትንፋሻቸውን ይይዙ ስለነበር ከእሱ ክፍል የበለጠ ጸጥታ ያለው ክፍል አልነበረም፤ ዛሬ ሽማግሌ የሆኑ ተማሪዎቹ ሲያገኙኝ «እንዴት ያለ ጨዋ መምህር ነበሩ!» ይሉኛል። ልጃችን አባቷ ጮክ ብሎ ሲናገር ሳትሰማ አደገች፤ ተፈጥሮው ይመስላታል። ከሞተ ብዙ ዓመት ሆኖታል።

እሱ በሕይወት ሳለ፣ ወታደሩ ተሸንፎ ወልድያን ለቆ ወደ ደሴ የወረደበትን ቀን ግን ሳልነግራችሁ አልቀርም። መኪናው በመርሳ መንገድ ላይ ሲግተለተል ዋለ፤ በላዩ የተጫነው ሰው፣ ፍራሽ፣ ድስት፣ ቁስለኛ። በራችንን ዘግተን ተቀመጥን። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ድምፁ ጠፋ። ጆሮዬን አላመንኩም፤ መስኮቱን ወለል አድርጌ ከፈትኩት። አየሩ ገባ። «ኪዳነ፣ ሄዱ እኮ! እስቲ አሁን ጮክ በልና አንድ ነገር ተናገር!» አልኩት።

ከወንበሩ አልተነሣም። «የመጨረሻው መኪና አልፏል?» አለኝ፣ በዚያው ሹክሹክታ።

«አልፏል።»

«እስቲ ደግመሽ እይ።»

ወጣሁ። ከድልድዩ እስከ ዳገቱ መታጠፊያ ድረስ ነፍስ ያለው ነገር የለም፤ አስፋልቱ መሃል አንድ የወታደር ቆብ ወድቋል። እትዬ ሉባባ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ሁለት እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተዋል። እየሮጥኩ ተመለስኩና «ማንም የለም! መንገዱ ባዶ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ኪዳነ ተነሣ። እያነከሰ ሄዶ መስኮቱን ዘጋው።

«ቀስ ብለሽ ተናገሪ» አለኝ።